ለገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ አስፋልት ወይስ ኮንክሪት?

ጥያቄ፦ ሰላም ባለሙያዎች። አዲስ አበባ፣ 1,200 ካሬ ሜትር ግቢ ነው፤ አፈሩ ጥቁር። ቀን የቤት መኪና ይቆማል፣ ማታ ዕቃ የሚያራግፉ አይሱዙዎች ይገባሉ። የትኛው ያዋጣል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አፈሩን ተመልከት። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ የተነጠፈውም አብሮት ይሄዳል። ከተቻለ ሙሉ በሙሉ አንሳው። ጥልቅ ከሆነ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አውጥተህ በገረጋንቲ ተካ፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያጠጣችሁ በሮለር ጠቅጥቁ። እዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር የለም።

መልስ 2፦ ማራገፊያውን ያለ ጥርጥር ኮንክሪት አድርገው። የጭነት መኪና ቆሞ መሪ ሲያዞር አስፋልቱን ይገሸልጠዋል፤ የሚንጠባጠብ ናፍጣም ሬንጁን ያሟሟዋል። ሲ-25 (የኮንክሪት የጥንካሬ ደረጃ ነው)፣ 18 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። መገጣጠሚያውን በየ4 ሜትሩ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል ቁረጥ። ቆረጣው ከሙሌቱ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ ለነገ ካደረ ኮንክሪቱ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል። ከዚያ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ ውሃ አጠጣ።

መልስ 3፦ በ2ኛው መልስ እስማማለሁ። የቀረው 900 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 5 ሳንቲ ሜትር አስፋልት ወደ 105 ቶን ይመጣል። ለዚህ መጠን ማንጠፊያ ማሽንና ሮለር ማጓጓዙ ራሱ ዋጋውን ያንረዋል፤ አስፋልቱንም ኮንክሪቱንም አስተምነህ ወስን። በየትኛውም ቢሆን 2 በመቶ ተዳፋት ይኑረው፤ የሚጠራቀም ውሃ አስፋልትን ቶሎ ይቦረቡረዋል።