ልጄ ባሕር ዳር ትሂድ ወይስ ደብረ ማርቆስ ትቅርልኝ?

መምህር ከጅጋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅጋ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ትልቋ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አለፈች። 50 በመቶ ማምጣት በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደከበደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ውጤቷን ያየን ቀን እናቷ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበችው።

አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት አለባት። እሷ አንደኛ ባሕር ዳር ነው የምትለው። ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና መማር ትፈልጋለች። ነገሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። አያቷ ፈታይ ነበረች፤ ልጅቷ ያደገችው እንዝርቱ ሥር ነው። በቀደም ዕለት የአሮጌ ጋቢ ጫፍ ክር በክር ተርትራ፣ "ይሄ ድሩ ነው፣ ይሄ ማጉ ነው፣ እዚህ ላይ ነው የላላው" እያለች ለታናሽ ወንድሟ ስታስረዳው አየኋት።

እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ብትሆንልኝ ደስ ይለኛል። ከእኛ በሚኒባስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባሕር ዳር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የመንገዱን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማርቆስ ብትሆን በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣች ታየናለች፣ እናቷም ብቻዋን አትሆንም።

እኔ የመምህራን ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጊቢ ውስጥ አድሬ አላውቅም። ስለዚህ የኖራችሁበት ንገሩኝ። መርጣችሁ የገባችሁበትን ጊቢ ዛሬ መለስ ብላችሁ ስታዩት ምን ትላላችሁ?

የደምበጫዋ

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ለእናቷም እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ።

"በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣች" የሚለውን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ያቺ በየሳምንቱ ቅዳሜ የምትመጣ ልጅ እኔ ነበርኩ።

በ2006 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አካውንቲንግ። አንደኛ ምርጫ አድርጌ የሞላሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ምክንያቴ ቅርብ መሆኑ ብቻ ነበር። ከደምበጫ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። አባቴ በሕይወት የለም። እኔ ስሄድ ብቻዋን ልትቀር ነው ብዬ አንጀቴ አልችል አለ።

አርብ የመጨረሻው ክላስ ሲያልቅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በቀጥታ ወደ መኪና። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳና ፓስቲ እጠብሳለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ሹፌርና ረዳት አስተናግዳለሁ። እሑድ አመሻሽ ላይ ስንቄን ይዤ እመለሳለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ነበር።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። አንዷ ከነቀምት፣ አንዷ ከሆሳዕና፣ አንዷ ከወልድያ፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ። እሑድ ማታ በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ምን እንደነበር ልንገርዎት። አልጋዬ ላይ የተከመረውን የሰው ዕቃ ማንሳት ነው። የአንዷ ሻንጣ አለ። ታጥቦ የደረቀ ልብስ አለ። ሀንድአውት፣ ፌስታል፣ አንዳንዴም የቡና ረከቦት። ክፋት የለበትም። ባዶ አልጋ ነው፣ ዕቃ ቢያርፍበት ምን ይላል። አንድ እሑድ ግን የነቀምቷ ልጅ ስታየኝ፣ "ውይ፣ እንግዳችን መጣች፣ ቶሎ አንሱላት" አለች። በፍቅር ነው ያለችው። እኔ ግን መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አለቀስኩ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በገዛ ዶርሜ ውስጥ እንግዳ ነኝ።

ትምህርቱም ላይ መጣ። ግሩፕ አሳይመንት የሚሠራው ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ደጎች ስለሆኑ ስሜን ሽፋኑ ላይ ይጽፉልኛል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ኮስት አካውንቲንግ ላይ እነሱ ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረው የገባቸውን እኔ ሽፋኑን ብቻ አይቼ ፈተና ገባሁ። ሲ አመጣሁ። ሲዋ አይደለም የቆጨችኝ። ያ ክርክር ነው። ዛሬ ባንክ ስሠራ አንድ ነገር ሲጠፋብኝ የምደውልለት የጊቢ ጓደኛ የለኝም። እነሱ እስከ ዛሬ ይደዋወላሉ።

ጮቄንም አላየሁትም። ልጆቹ አንድ ቅዳሜ ተጠራርተው ወጡ። የሆሳዕናዋ ልጅ ስትመለስ ስለ ውርጩና ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነው ጅብራ አወራችኝ። የጎጃሟ ልጅ እኔ ነኝ፤ የአገሬን ተራራ ከእሷ አፍ ሰማሁት።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። ከተመረቅሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጣን ያን ጊዜ አነሳነው። "ሻይ ቤቱን ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ ብዬ እኮ ነው የምመላለሰው" አልኳት። ስኒውን አስቀመጠችና አየችኝ። "እኔ ደግሞ ናፍቆቱን አልቻልሽው ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ለቅዳሜ የምትረዳኝ የሰፈር ልጅ ይዤ ነበር፤ አንቺ መምጣት ስታበዢ ነው የተውኳት" አለችኝ። እኔ ለእሷ ብዬ፣ እሷ ለእኔ ብላ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳችን ሌላችንን አልጠየቅንም።

ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ አትሂድ እያልኩ አይደለም። እንጀራዬን የምበላው እዚያ በተማርኩት ነው፤ መምህሮቼንም እወዳቸዋለሁ። የትም ትመደብ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እዚያው ትክረም ነው የምለው። ከናፈቀቻችሁ እናንተ ሄዳችሁ እዩዋት። እናቷ ብቻዋን ትሆናለች የሚለውን ደግሞ ከልጅቷ ፎርም ጋር አያገናኙት። ራሷን እናቷን ይጠይቋት።

ፖሊ የነበርኩ

እንኳን ደስ አለዎት መምህር። የቢቸና ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ፖሊ ጊቢ፣ ማለት የድሮው ፖሊ ቴክኒክ፣ አምስት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ሜካኒካል። ስለ ናፍቆቱ እህቴ ጨርሳዋለች፤ እኔ ስለ ጨርቃ ጨርቁ ልበል።

ልጅዎ ያለ ምክንያት አልመረጠችም። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ ሲከፈት ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ይሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ፔዳጎጂ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው፤ ዋናውን ጊቢ እስካሁን ፔዳ የምንለው ለዚህ ነው። ዛሬ ለጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ብቻ የቆመ ኢንስቲትዩት አለው። ከተማው ውስጥ ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ድርና ማግ የምትለይ ልጅ እዚያ ብትገባ ደስ ይለኛል።

ግን አንድ ነገር አጥብቃ ትያዝ። አሁን የምትሞላው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ዲፓርትመንት አይደለም። የሚመድባትም ትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ በውጤቷና ባለው ቦታ። ስለዚህ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምርጫ ዝም ብላ አትሙላ፤ ብትመደብ የምትሄድበትን ትጻፍ። ከገባች በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ የጋራ ኮርስ ነው የሚወሰደው። ዲፓርትመንት የሚገኘው ከዚያ በኋላ በውድድር ነው፣ የፍሬሽማን ውጤት ታይቶ። እኔ ባሕር ዳርን የመረጥኩት ለጣና ብዬ ነው፤ እውነቱ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሐይቁ ዳር ስዞር አሳለፍኩ። ሚድ ሲመጣ ማቲማቲክስ ከእጄ ወጥቷል። ሲቪል ነበር የምፈልገው፤ ነጥቤ አልደረሰም። ሜካኒካልን ኋላ ላይ ወደድኩት፣ ግን የመረጥኩት አልነበረም። እሷ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ከመጀመሪያው ሳምንት ትያዝ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ኖት እየጣሉ መሄድ ቀርቷል፤ ሁሉንም ታስቀምጥ።

ባሕር ዳር ይሞቃል፤ ትንኝ አለ። አጎበር አይርሱ። ማርቆስ ከሆነች ወፍራም ብርድ ልብስ።

ቡሬ

እኔ ሐሳቤ ከእህቴ ይለያል፤ ትቀየመኝ እንዳይሆን።

ከጎጃም ወጥቼ፣ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው የተማርኩት። ሩቅ መሄድ ነበር ምኞቴ፤ የሞላሁትም ሆን ብዬ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ አባቴ ታመመ። ቤተሰብ "ፈተናህን ጨርስ" ብሎ ደበቀኝ። ሲነግሩኝ ያን ቀን ተነሳሁ፤ መኪና ጠፋ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አደርኩ። ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል። አባቴ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ቅርብ ብሆን ኖሮ እጁን እይዘው ነበር። ይሄን ማንም ዲግሪ አይመልስልኝም።

በቅርብ ያለ ጸበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው ገና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የእኛ አካባቢ ልጅ ለዲግሪ ቢያንስ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ነበረበት። አሁን ደጃችን ስለመጣ ብቻ ሁለተኛ ምርጫ እናድርገው? ልጅቷ ጨርቃ ጨርቅ ብላ ከቆረጠች እሺ። ካልቆረጠች ግን መምህር፣ የአባት ፍላጎትዎ ነውር የለበትም።

የደምበጫዋ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ምን ያስቀይመኛል። እናቴ በሕይወት ስላለች ነው እኔ እንደዚያ ማለት የቻልኩት።

መምህር ከጅጋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። አልጋው ጋ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ልጅቷ ተቀብላኝ ጨረሰችው። ባለቤቴን ጠየቅኋት። "እኔ መች ብቻዬን እሆናለሁ አልኩህ? ሦስት ልጅ እቤት እያለ?" አለችኝ። እውነት ነው፤ አላለችም። የራሴን ስጋት በእሷ ስም ነው የጻፍኩላችሁ።

የቡሬው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ያንተን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጬ፣ "አንድ ነገር ቢፈጠር አንደብቅሽም፣ በዚያው ቀን ነው የምንነግርሽ" አልኳት። እሷም ከታመመች እንዳትደብቀን ቃል አስገባኋት። መራዊ የእህቴ ልጅ አለ፤ ከባሕር ዳር ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ይደርስላታል።

ትናንት ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ሞላን። አንደኛ ባሕር ዳር፣ ሁለተኛ ደብረ ማርቆስ። ሦስተኛውን ራሷ ጎንደር አለች፤ ተውኳት።

ባለቤቴ ለበሶ የሚሆነውን ገብስ አበጥራ አስጥታለች። ምድቡ ሳይወጣ ምን አስቸኮለሽ ብላት አልሰማ አለች። ለአንድ ሴሚስተር ስንት ኪሎ ይበቃል?

የደምበጫዋ

ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ትያዝ። ለአንድ ሰው ይበዛል፣ ግን ብቻዋን አትበላውም። እርጥበት እንዳያገኘው ክዳኑ ጥብቅ የሚል ባልዲ ውስጥ ይሁን። በርበሬውንና ጨውን ለየብቻ ትቋጥርላት፤ በስኳር የሚበጠብጡ ልጆች አሉ።

አሁን የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ምድቡ ሲወጣ እዚሁ ይጻፉልኝ። ባሕር ዳር ከሆነላት ቅዳሜ ከሰዓት ጊቢዋ ድረስ ሄጄ አያታለሁ።