ኮሎምበስ ናይትስ 1,000 ዶላሩን ከየት ያመጣ ነበር?

ጥያቄ፦
ስለ ኮሎምበስ ናይትስ (የአሜሪካ ካቶሊክ ወንዶች መረዳጃ ማኅበር) አመሠራረት የሚነገረው ሁሉ «አባ ማክጊቭኒ ለመበለቶች አዝነው አቋቋሙት» ላይ ይቆማል። እኔ የማልረዳው ገንዘቡን ነው። አባል ሲሞት ለሚስቱ 1,000 ዶላር ይሰጥ ነበር ይባላል፤ ጥቂት ሠራተኞች የተሰባሰቡበት ማኅበር ይህን ከየት ያመጣል? የካቶሊክ መረዳጃ ማኅበራትስ ቀድሞም አልነበሩም እንዴ?

መልስ 1፦
ነበሩ። አባ ማይክል ማክጊቭኒም መጀመሪያ ያሰቡት የአንዱን ቅርንጫፍ በሚያገለግሉበት ከተማ፣ በኮኔቲከቷ ኒው ሄቨን ለመክፈት ነበር። ቦስተንና ብሩክሊን ድረስ ሄደው የሁለት ማኅበራትን አሠራር ካዩ በኋላ ነው ራሱን የቻለ ማኅበር ወደ ማቋቋም የዞሩት። የመጀመሪያው ስብሰባ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1881 በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተደረገ፤ የኮኔቲከት ግዛት ሕጋዊ ሰውነት የሰጠው መጋቢት 29 ቀን 1882 ነው። የበላይ መሪ የሆነው ግን ምእመኑ ጄምስ ሙለን ነበር፤ ካህኑ ጸሐፊነቱን ያዙ። ለስሙ ኮሎምበስን የመረጡትም ያለ ምክንያት አይደለም፦ አሜሪካን አገኘ የሚባለው ሰው ራሱ ካቶሊክ ስለነበር፣ «ካቶሊክ ለአገሩ አይታመንም» ለሚል ጎረቤት መልስ ነበር።

መልስ 2፦
ያኔ ገንዘቡ ከካዝና አይወጣም ነበር፤ ሰው ሲሞት ይሰበሰባል፣ ልክ እንደ እድር። እያንዳንዱ አባል 1 ዶላር ያዋጣ ነበር። አባላቱ ከ1,000 ሲበልጡ የነፍስ ወከፍ ድርሻው በዚያው ልክ ይቀንስ ነበር። በ1 ዶላር ሒሳብ 1,000 የሚሞላው 1,000 ከፋይ ሲኖር ስለሆነ፣ አባል ማብዛት የህልውና ጉዳይ ነበር። ታሞ ሥራ ለፈታ ደግሞ በሳምንት እስከ 5 ዶላር፣ ለ13 ሳምንት፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሰጠው የሚወስነው የራሱ ምክር ቤት (የማኅበሩ የአካባቢ ቅርንጫፍ) ነበር።

ችግሩ ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል መክፈላቸው ነበር። በ25 ዓመቱ የገባ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሲያዋጣ ኖሮ፣ በ50 የገባው የሚያገኘውን ያህል ብቻ ቤተሰቡ ያገኛል። ወጣቱ ይህን አስልቶ ከቀረ የአባላቱ አማካይ ዕድሜ ይጨምራል፣ ሞት ይበዛል፣ መዋጮው ይደጋገማል፤ ይህን አይቶ ሌላውም ይወጣል። በዚህ ላይ ወረርሽኝ ቢገባ በአንድ ወር የስንት ሰው መዋጮ ሊጠየቅ ነው?

መልስ 3፦
ለወረርሽኙ መጠባበቂያ ገንዘብ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ገና ከጅምሩ ተነሥቷል። አባላቱ ደጋግመው ውድቅ አደረጉት፤ የጸደቀው በ1892 ነው። ማክጊቭኒ ነሐሴ 14 ቀን 1890 በ38 ዓመታቸው ስላረፉ ይህን አላዩም።

በመስፋፋቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1885 ወደ ሮድ አይላንድ ተሻገረ፣ በ1897 ሞንትሪያል ደረሰ። በመካከሉ ትልቁ ለውጥ፣ ከመድኑ (ከሞት ክፍያው) ውጭ የሆኑ ተባባሪ አባላት እንዲገቡ መፈቀዱ ይመስለኛል። በዕድሜው ወይም በጤናው ምክንያት ለመድን የማይመች ሰው የሞት መዋጮውን ስሌት ሳያዛባ አባል መሆን ቻለ።