ጾሙ ተፈታ፣ ልጄ ግን አልፈታችም

እህት ወንድሞቼ፣ ግራ ገብቶኝ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል አይጾምም ብላትም አልሰማችኝም፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ፋሲካ ካለፈ ወር ሆነው፣ ምሳ ዕቃዋ ዛሬም እንደታሰረ ይመለሳል። ጉርሻ ሳቀርብላት ታለቅሳለች። ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ አፍጣ ታነጋለች። የወር አበባዋ ከቀረ ሦስት ወሩ፤ በጠራራ ፀሐይ ይበርዳታል። አባቷ «የዕድሜ ነው» ይላል። ጸበል ወሰድኳት፣ የደም ምርመራዋም ደህና ነው ተባልኩ። አማኑኤል ሆስፒታል እንሂድ ብላት «አበድኩ ወይ?» ብላ እንዳትርቀኝ ፈራሁ። ከየትኛው ሐኪም ልጀምር? የክብደት መለኪያ ሚዛኑንስ ከቤት ላውጣው ወይስ ይብስባታል? በልጁ የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።