አባቴ በጾም ቬኔቶክላክስ እንዴት ይውሰድ?

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ለንደን የሚኖረው አባቴ ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር አለበት። ሐኪሙ ያለ ኬሞ፣ በኢብሩቲኒብና በቬኔቶክላክስ ክኒኖች ሊያክሙት አስበዋል። 523 ሕሙማን በተሳተፉበት የብሪታንያው የፍሌር ጥናት፣ 3 ዓመት በሽታው ሳይባባስባቸው የቆዩት በክኒኖቹ 97 በመቶ፣ በኬሞው 77 በመቶ ያህል ናቸው። ትልቅ ተስፋ ነው!

የጨነቀኝ ጾሙ ነው። ቬኔቶክላክስ የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው። መጠኑ ከ20 ሚሊግራም ተነስቶ በ5 ሳምንት 400 እስኪደርስ ደግሞ በደንብ ውኃ መጠጣት ግድ ነው። የካንሰር ሴሎቹ በአንዴ ሲሞቱ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። አባዬ ግን ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ነው የሚውለው። «ከምገድፍ ልታመም» ይለኛል።

ሐኪሙን እጠይቃለሁ። እናንተስ እንዲህ ያለ ወላጅ እንዴት አሳመናችሁ? መጀመሪያ የንስሐ አባቱን ላናግር?