የሻዩ ዋጋ ከረከሰ ለምን ባሕር ውስጥ ጣሉት?

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጄ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከአብዮቱ በፊት በእንግሊዝ ላይ የነበራቸውን ቅሬታ ክፍል ውስጥ ታቀርባለች። በአማርኛ ላስረዳት ብዬ አብሬያት ተቀመጥኩና አንድ ቦታ ላይ ተያዝኩ።

የ1765ቱ (እ.ኤ.አ.) የቴምብር ሕግ አላስቸገረንም። ጋዜጣው፣ የውል ወረቀቱ፣ መጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቀረጥ ተጣለበት። ለንደን ባለው ፓርላማ ግን የመረጡት አንድም ተወካይ አልነበራቸውም። ይሄ ወዲያው ገባት።

የ1773ቱ የሻይ ሕግ ላይ ስንደርስ ነገሩ ተወሳሰበ። ሕጉ አዲስ ቀረጥ አልጨመረም። በአንድ ፓውንድ ክብደት ሻይ ሦስት ፔንስ (የእንግሊዝ ሳንቲም) የነበረው ቀረጥ እንዳለ ቀጠለ። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ግን በሌሎች ነጋዴዎች ፋንታ በራሱ ወኪሎች በኩል እንዲሸጥ ስለተፈቀደለት የሻዩ ዋጋ ረከሰ። ሆኖም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 16 ቀን የቅኝ ግዛቱ ሰዎች ቦስተን ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። እዚሁ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ከተማም በ1774 የሻይ ቀረጥ የከፈለ ነጋዴ ሕዝቡ አስጨንቆት የገዛ መርከቡን አቃጠለ።

ልጄ እርሳሷን አስቀመጠችና "ስለረከሰላቸው ነው የተናደዱት?" አለችኝ። "የመርህ ጉዳይ ነው" አልኳት፤ አልዋጥ አላት። ነጋዴዎቹ ገበያቸውን እንዳያጡ ሰግተው ነው ብልም "ታዲያ ሌላውን ሰው ምን አገባው?" አለች። እውነቷን ነው። ሻዩን ከጣሉት አንዱ ጆርጅ ሂውስ ድሃ ጫማ ሠሪ ነበር።

ታሪክ የምታስተምሩ፣ እስቲ አግዙኝ፦ እንደ ሂውስ ያለ ከሻይ ንግድ ምንም የማያተርፍ ሰው፣ የረከሰውን ሻይ እንደ ወጥመድ ያየው ለምንድን ነው?