«ሄዶ ማየት ነው»

የሜክሲኮ ልጅ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አፍሪካ ኅብረት ግቢ ስላለው የጃንሆይ ሐውልት ሲያወሩ አንዱ «ቁርጥ እሳቸውን ነው፣ ሄዶ ማየት ነው» አለ። በየት በር ልሂድ? ከተመረቀበት ከየካቲት 3 ቀን 2011 ጀምሮ እኔ ያየሁት በስልክ ነው። ቤቴ ደግሞ ከአጥሩ በእግር 10 ደቂቃ ነው። ነሐሱ ይውጣና ሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ይቁም።

ፊታውራሪ፦ ሐውልቱን ኅብረቱ ራሱ ወስኖ ነው ያቆመው። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም የ32 አገር መሪዎችን ያስተናገደው ማን ነበር? የጋናው ንክሩማ እዚያው በ2004 ሲቆሙ እሳቸው 7 ዓመት ጠበቁ። ገና ከመቆማቸው ይውጡ?

ቀበሌ 20፦ «ያስተናገደው»? ጃንሆይን አስተናጋጅ አደረግካቸው እኮ 😂

ፊታውራሪ፦ ቃል አትልቀም።

የሜክሲኮ ልጅ፦ እኔ የምለው «ሄዶ ማየት ነው» ላለው ሰውዬ ነው። ምኒልክን አራዳ ላይ ማንም ከታክሲ መስኮት ያያቸዋል። ባጅ አይጠይቁም።

ቀበሌ 20፦ እኔ ለስብሰባ ላስተረጉም ገብቼ አይቻለሁ። ፊታቸው ጥሩ ነው። ግን ረዝመዋል።

ፊታውራሪ፦ መቆሚያው ነው ያረዘማቸው። ቀራፂው በቀለ መኮንን የሚሠራውን ያውቃል።

እትዬ አስካለ፦ ልጆች፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ መንገድ ዳር ተሰልፈን እጅ ስንነሳ መኪናቸው አጠገባችን ቀስ አለ። ፊታቸውን በደንብ አላየሁም። ያየሁት እጃቸውን ነው። ቅጥን ያለ፣ የልጅ እጅ የሚመስል። ሠሪው እጃቸውን እንዴት አድርጎት ይሆን? ፎቶ ያለው ቀረብ አድርጎ ይለጥፍልኝ።

ወሎዬ፦ በ65 እና በ66 ወሎ ሲያልቅ ያ እጅ የት ነበር እትዬ?

ፊታውራሪ፦ መጣ ደግሞ! የተነሳው ስለ ሐውልት ነው። ደግሞ እሳቸውን ምን አድርጉ ነው የምትላቸው?

ወሎዬ፦ እሳቸውን አላልኩም፣ ሐውልት ለምታቆሙት ነው። «ቁርጥ እሳቸውን» ከሆነ የተራበውም አብሮ ይቁም።

ዓለም በቃኝ፦ ግቢው ምን እንደነበር ረሳችሁት? ከርቸሌ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸናቸው እዚያው ነው። አክሊሉ ሀብተወልድ ከነሱ አንዱ ናቸው። ድርጅቱ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው፣ ዛሬ ኅብረት የሆነው ድርጅት ቤቱን በሠራበት መሬት ላይ ተረሸኑ። ነሐስ ካለ ለሳቸው ይቅለጥ። የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከተማ ይፍሩስ? ካዛብላንካና ሞንሮቪያ በሚባሉ ሁለት ቡድኖች የተከፈለውን አፍሪካ ለማስታረቅ ማን ተንከራተተ?

ፊታውራሪ፦ ማን ከለከላችሁ? አዋጡና አቁሙ።

ዓለም በቃኝ፦ ለጃንሆይ አንተ ስንት አዋጣህ?

ፊታውራሪ፦ ...

ቀበሌ 20፦ ዝም አለ! 😂 ለማንኛውም ፓርክም ቢገባ ያው ነው። አንድነት ፓርክ በነፃ ገባችሁ እንዴ? ቲኬት ነው።

የሜክሲኮ ልጅ፦ ቲኬት እቆርጣለሁ። ባጅ ግን የት ይቆረጣል?

ፊታውራሪ፦ አንተ ልጅ ባጅ ባጅ አልክ! ሐውልቱ ለአፍሪካ መሪዎች ነው የቆመው፣ በየቀኑ ያዩታል።

ወሎዬ፦ እነሱማ ያያሉ። እኛ በሬዲዮ እንሰማለን።

እትዬ አስካለ፦ እጃቸውን የሚለጥፍልኝ ጠፋ?