ቡፌውን ቀለም ቀባሁት፣ በጥፍር ይላጣል! ምን ይሻላል?

ማሂ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ ቡፌ ገዛሁ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሦስት መሳቢያ፣ ቡናማ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ የተቀባ። ነጭ ላድርገው ብዬ ከቤቱ ግድግዳ የተረፈውን የውሃ ቀለም ሁለቴ ቀባሁት። ከዚያ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ወልወል ከማድረግ በቀር ምንም አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ልጄ የመጫወቻ መኪናውን ሲነዳበት ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሳ። ያልተላጠው ቦታ ላይ ደግሞ የፈሰሰ ሻይ የመሰለ ቢጫ ነገር ከሥር እየወጣ ነው። ሦስተኛ ዙር ብቀባው ይሸፍነዋል? ወይስ በቃ ከሰርኩ?

አናጺው፦
እህቴ፣ እንዳትደግሚው። ቫርኒሹ እንደ መስታወት ለስላሳ ስለሆነ የውሃ ቀለም ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይዘውም። የላላውን በሙሉ ፋቂው። በሮቹንና እጀታዎቹን በካቻቢቴ ፍቺ፣ ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ ሰብስቢ (ይሄን የማይሰማ ሁሉ መጨረሻ ላይ ብሎን ፍለጋ ይዞራል)። ከዚያ በኦሞ እጠቢው፤ ቡፌ ማለት የስንት ዓመት የእጅና የወጥ ቅባት የጠጣ ዕቃ ነው። ደህና ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ፈግፍጊው፣ በ220 ጨርሺው። እንጨቱ ድረስ መውረድ የለብሽም፣ ማብለጭለጩ ከጠፋ በቂ ነው። አቧራውን ጥረጊ።

ቢጫው ነገር ከራሱ ከእንጨቱ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ይወጣል። ስለዚህ የውሃ ፕሪመር (ከቀለሙ በፊት ከሥር የሚቀባው) አያዋጣሽም። የዘይት ፕሪመር ቀቢበት፣ ከዚያ የዘይት ቀለም ሁለት ስስ ዙር። በየዙሩ መሃል ሌሊቱን ይደር። አንዴ አወፍሬ ልገላገል ካልሽ ይንጠባጠባል፣ ከላይ የደረቀ መስሎ ከውስጥ ለሳምንት ይጣበቃል።

ሰሚራ ከአዳማ፦
ቆይ፣ እንጨት መሆኑን አይተሻል? መሳቢያውን አውጪና የጠርዙን ሆድ እይው። ፍርፋሪ የተጨመቀ ከመሰለ ቺፑድ ነው፣ እንደ እንጨት አታጥቢው፣ ውሃ ከነካው ያብጣል። በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ጥረጊ። እኔ የቁምሳጥኔን በር ስስ ልባስ መሆኑን ሳላውቅ በማሽን ፈግፍጌ በስቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ በካላንደር ሸፍኜው ነው የምኖረው።

ደግሞ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፊ። ጠዋት ላይ ዱቄት ካገኘሽ ነቀዙ አልሞተም ማለት ነው። መጀመሪያ መድኃኒት ይፈልጋል።

ኪያ፦
ልጅ አለኝ ስላልሽ ነው። ከቫርኒሹ ሥር የቆየ ቀለም ብቅ ካለ በደረቁ አትፈግፍጊው። የድሮ ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ደግሞ ለሕፃን በጣም መጥፎ ነው። እኛ አገር ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድበው ደንብ የወጣው ገና በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ግዢ፣ እያረጠብሽ ሥሪ፣ ውጭ ላይ፣ ልጁ በሌለበት።

ጡረተኛው፦
ኧረ በማርያም! ዋንዛ ቢሆንስ? ዋንዛ ላይ ነጭ ቀለም መድፋት ግፍ ነው። ጥርት አድርገሽ ፍቀሽ ቫርኒሽ ብቻ ቀቢው ልጄ።

አናጺው፦
ጋሼ፣ ዋንዛ ሆኖም መልኩ ከተበላሸ ቀለም ነውር የለውም። የገዛችው እሷ ናት።

ማሂ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁም፣ ተባረኩ። መሳቢያውን አውጥቼ አየሁት። ላዩና ጎኑ እውነተኛ እንጨት ነው፣ የሰፈራችን አናጺም ዋንዛ ነው አለኝ። ጀርባው ኮምፔንሳቶ። ዱቄት የለም፣ የቆየ ቀለምም አላገኘሁም። ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል ላዩን በቫርኒሽ ልተወው ነው፣ አካሉ ግን ነጭ ይሆናል።

ለሙከራ አንዱን በር ብቻ እንዳላችሁኝ ሠራሁት። ከሳምንት በኋላ ፕላስተር ለጥፌ ቦጨቅኩት፣ ምንም ይዞ አልመጣም። አሁን የቸገረኝ ብሎን ነው፤ ሁለቱ ከጣሳው ጠፍተዋል፣ የልጄ መኪና ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ሲሄድ ይንኳኳል።